ፖስታ ቤት ከሰረ ሲባል

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። አነጋገሩ ለሰው ብቻ የተነገረ ቢመስልም ለመሥሪያ ቤትም ይስማማል። በዘመናችን በልዩ ልዩ አገሮች የፖስታ አገልግሎት ገቢ ከወጪው እያነሰ በመሄዱ «ፖስታ ቤት ከሰረ» የሚለው ወሬ ከዓመት ወደ ዓመት እየጎላ መጥቷል። ወሬው በተሰማበት አገር ሁሉ ታዲያ ምሳር ይዞ የሚቀርብ አይታጣም። አንዱ «በስልክ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ማን ነው?» ይላል። ሌላው «ትርፍ ካላገኘ ይዘጋ እንጂ የሕዝብ ገንዘብ ስለ ምን ይፈስለታል?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተም በመቀሌ ከተማ ቡና ሲጠጣም ሆነ በታክሲ ውስጥ «ፖስታ ቤት እስካሁን አለ እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሰምታችሁ ይሆናል።

ጥያቄው እንደ ቀልድ ቢነገርም ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሕዝብ ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ያለው አስተያየት የመሥሪያ ቤቱን ዕድሜ ያሳጥራል ወይም ያረዝማል። ሰው ሞቷል ብሎ ካልሄደበት፣ ያልሞተውም ይሞታል። ስለዚህ በጉዳዩ ላይ ከመፍረዳችን በፊት «ከሰረ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል። ለነጋዴ የተነገረ ቃል ለፖስታ ቤት ሲነገር ትርጉሙ ያው ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴንም አቀርባለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፌ ለፖስታ ቤት የተጻፈ ውዳሴ እንዳይመስላችሁ፤ ወቀሳም አለበት።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ መለስ እንበል። ፖስታ ቤት ከመቋቋሙ በፊት በአገራችን ደብዳቤ ይላክ የነበረው በእግረኛ መልእክተኛ ነበር። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ አጣብቆ፣ በትሩን ከፍ አድርጎ ይዞ ተራራውንና ቆላውን ያቋርጥ ነበር። በትሩ እንደ ይለፍ ወረቀት ያገለግለው ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚያየው ሁሉ መልእክተኛ መሆኑን ያውቃልና። ግን እንዲህ ያለ መልእክተኛ መላክ የሚችለው ማን ነበር? ንጉሥ፣ መኳንንት፣ የቤተ ክርስቲያን አለቃ፣ ወይም ሀብታም ነጋዴ። ልጁ ከቤት ወጥቶ የቀረባት እናት በትር የሚይዝላት አልነበረም።

በኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት የተቋቋመው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ፤ ሰባት ዓይነት ሆነው ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ይደርስ ነበር። ከእነዚህ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ የአንበሳ ምስል የያዙ ነበሩ። እነዚህ ቴምብሮች ግን ከድንበር ውጭ ዋጋ አልነበራቸውም። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የሌላ መንግሥት ቴምብር እንደገና ይለጠፍበት ነበር። ላኪው ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ችግር የተወገደው ኢትዮጵያ በጥቅምት ወር 1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል በሆነች ጊዜ ነው።

የዓለም የፖስታ ኅብረት በ1874 እ.ኤ.አ. በ22 አገሮች በስዊዘርላንድ ከተማ በበርን የተመሠረተ ድርጅት ሲሆን፣ ዛሬ 192 አባል አገሮች አሉት። በነሐሴ ወር መጨረሻ 2010 ዓ.ም. ልዩ ጉባኤውን ያካሄደው በአዲስ አበባ ነበር። የኅብረቱ መሠረተ ሐሳብ ለመናገር ቀላል፣ ለማሰብ ግን የሚያስደንቅ ነው፤ ይኸውም ለደብዳቤ ዓለም አንድ አገር ናት የሚል ነው። ከመቀሌ የተላከ ደብዳቤ ቴምብሩ እዚህ አንድ ጊዜ ከተለጠፈበት በኋላ የሚያልፍበትና የሚደርስበት አገር ሁሉ ተቀብሎ የማድረስ ግዴታ አለበት። በፖለቲካ የማይስማሙ መንግሥታት እንኳ በዚህ ይስማማሉ። ስንት ነገር ያላስማማቸው አገሮች በቴምብር ሲስማሙ ማየት ለእኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከዚህ ጋር ሌላ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ፤ የጽሑፌም ዋና ምሰሶ እሱ ነው። ከ1840 እ.ኤ.አ. በፊት በእንግሊዝ አገር የደብዳቤ ዋጋ እንደ ርቀቱና እንደ ወረቀቱ ብዛት ይታሰብ ነበር፤ የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ ተቀባዩ ነበር። ድኻ ተቀባይ ደብዳቤ ሲመጣለት ከደስታው ይልቅ ጭንቀቱ ይበልጥ ነበር፤ ካልከፈለ አይሰጠውምና። ሮውላንድ ሂል የተባለ ሰው ሒሳቡን መርምሮ ደብዳቤውን ከከተማ ወደ ከተማ የማጓጓዙ ወጪ እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ፣ ብዙውን ወጪ የሚያስከትለው ዋጋውን መተመኑና ከየተቀባዩ መሰብሰቡ እንደ ሆነ አሳየ። ስለዚህ ክፍያው በቅድሚያ በላኪው ይሁን፣ ዋጋውም ለቅርቡም ለሩቁም አንድ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በግንቦት 1840 እ.ኤ.አ. የአንድ ፔኒ ቴምብር ወጣ፤ በዓለም የመጀመሪያው የሚለጠፍ ቴምብር እሱ ነው። ሥርዓቱንም ብዙ አገሮች ወረሱት።

ለቅርቡም ለሩቁም አንድ ዋጋ ማለት ምን ማለት ነው? ከመቀሌ ወደ ኲሓ የሚላክ ደብዳቤ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ መንገዱ አጭር ነው፣ መኪናውም ብዙ ነው። ወደ አበርገሌ ወይም ወደ ኢሮብ ቀበሌዎች የሚላከው ግን ተራራና ሸለቆ ያቋርጣል። ዋጋቸው አንድ ከሆነ የኲሓው ደብዳቤ በትርፉ የኢሮቡን ጉድለት ይሸፍናል። ስለዚህ በአንድ ዋጋ የሚሠራ ፖስታ ቤት ከመጀመሪያውም ነጋዴ ሆኖ አልተፈጠረም። ነጋዴ የሚያከስረውን መንገድ ይተዋል፤ ፖስታ ቤት ግን የሚያከስረውንም መንገድ እንዲሄድ የተፈጠረ መሥሪያ ቤት ነው።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለብዙ ዘመን ሳይከስር ቆይቶ ዛሬ ስለ ምን ይከስራል? መልሱን ለመረዳት ከዚሁ ከአካባቢያችን ምሳሌ ልውሰድ። ከአፋር በረሓ አሞሌ ጨው በግመል ጭነው ወደ መቀሌ ገበያ ያመጡ የነበሩትን ነጋዴዎች አስቡ። ግመሉ ሙሉ ጭነት ቢሸከምም ግማሽ ቢሸከምም የመንገዱ ርዝመት አይቀንስም፤ የነጂውም ስንቅ፣ የግመሉም ቀለብ ያው ነው። ነጋዴው አትርፎ የሚገባው ጭነቱ ሲሞላ ብቻ ነው። ፖስታም እንደዚሁ ነው። ወደ አንድ ወረዳ የሚሄድ መልእክት ሺህ ደብዳቤም ቢሆን ዐሥር ደብዳቤም ቢሆን መኪናው መሄዱ፣ ሠራተኛውም ደመወዝ መብላቱ አይቀርም። ደብዳቤው ሲቀንስ ገቢው ይቀንሳል፤ ወጪው ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። መሥሪያ ቤቱ ጉድለቱን ለመሙላት ዋጋ ሲጨምር ከቀሩት ደንበኞች ብዙዎቹ ይሸሻሉ። ደንበኛ ሲሸሽ ደግሞ እንደገና ዋጋ መጨመር ግድ ይሆናል። ይህ ራሱን የሚበላ እሳት ነው።

እሳቱ እስከ መጨረሻው ሲነድ ምን እንደሚሆን ለማየት ዴንማርክን ተመልከቱ። በዚያ አገር የመንግሥት ፖስታ የተመሠረተው በ1624 እ.ኤ.አ. ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. 1.4 ቢሊዮን ያህል ደብዳቤ ያመላልስ የነበረው አገልግሎት በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 110 ሚሊዮን ወረደ። በዚያው ዓመት ደብዳቤን በመላ አገሪቱ የማድረስ ግዴታ በሕግ ተነሣለት፤ የአንድ ደብዳቤ ዋጋም 29 ክሮነር ደረሰ። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል ቀይ የፖስታ ሣጥኖች ከየመንገዱ ተነቅለው ተነሡ፤ ድርጅቱም የመጨረሻውን ደብዳቤ በታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም. አድርሶ ከ400 ዓመት በኋላ የደብዳቤ ሥራውን አቆመ። ጥቅል ዕቃ ማመላለሱን ግን አላቆመም፤ ደብዳቤ መላክ የሚፈልግም ወደ ግል ኩባንያ ይሄዳል።

«እንግዲህ ዴንማርክን የመሰለ ሀብታም አገር ከተወው እኛ ምን አቆየን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የሚለው ሰው ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። ዴንማርክ ደብዳቤን የተወችው ሕዝቧ ሁሉ ማለት ይቻላል የመንግሥትን መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከሚቀበልበት ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በቤት ቁጥር ዕቃ የሚያደርስ ኩባንያም አላት። ድልድዩን የሰበረችው ወንዙን ከተሻገረች በኋላ ነው። እኛ ገና ከወንዙ መካከል ነን።

የሕዝብ አስተያየትና የሒሳብ መዝገብ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ በአሜሪካ እናገኛለን። በ2020 እ.ኤ.አ. ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ሕዝቡን በጠየቀ ጊዜ ከመቶው ሰው 91ዱ ለፖስታ አገልግሎት መልካም አስተያየት እንዳለው ተናግሯል። የተወደደው ይኸው መሥሪያ ቤት ግን ለብዙ ዓመታት በኪሳራ ሲሠራ ቆይቷል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የበጀት ዓመት ብቻ ኪሳራው 9.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሕግ መሥሪያ ቤቱ ወደፊት ጡረታ ለሚወጡ ሠራተኞቹ የሕክምና ወጪ ከወዲሁ በየዓመቱ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲያስቀምጥ አስገድዶት ነበር። ይህ ግዴታ የተሰረዘው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። በነዚያ ዓመታት «ፖስታ ቤት ከሰረ» እየተባለ በጋዜጣ ሲጻፍ፣ ከኪሳራው ብዙው ክፍል ደብዳቤ ስላልተላከ ሳይሆን ሕጉ ስላዘዘ የመጣ መሆኑን ያስተዋለ አንባቢ ጥቂት ነበር። ኪሳራ የሚባለው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ከሥራው ሳይሆን ከአቆጣጠሩ ይወለዳል።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። የመቀሌ ሰው ስለ መልእክት ዋጋ ከማንም የተሻለ ምስክርነት ሊሰጥ ይችላል። ጦርነቱ በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ። ለጥቂት ወራት በከተማው ከተመለሰ በኋላ በሰኔ 2013 ዓ.ም. እንደገና ተቋርጦ እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ባንክ ተዘጋ፤ መንገድ ተዘጋ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ለመንገደኞች ተዘጋ። መንገድና በረራ በሌለበት ፖስታም አልነበረም። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የመንገደኛ በረራ ወደ መቀሌ የተመለሰው በታኅሣሥ 19 ቀን ነበር። እናንተ ያን ጊዜ ልጆች ነበራችሁ፤ ትምህርት ቤታችሁም ተዘግቶ ነበር፤ ግን ቤተሰባችሁ ዘመዶቻችሁ በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቅ የከረመበትን ጊዜ የምትረሱት አይመስለኝም።

በዚያ ጊዜ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለተለያዩ ቤተሰቦች መልእክት ያደርስ ነበር። ከዘዴዎቹ አንዱ የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለው አጭር ደብዳቤ ነው። በፖስታ አይታሸግም፤ ክፍት ሆኖ ይሄዳል፤ የሚጻፍበትም የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው። «ደኅና ነን። እናንተስ?» ከማለት ብዙ አያልፍም። እንዲህ ያለች ወረቀት የደረሰችው ሰው «በስልክ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ማን ነው?» የሚለውን ቀልድ መልሶ ይናገረው እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

ይሁንና ማስረጃውን ከሚችለው በላይ አናሸክመው። ይህ ታሪክ ለፖስታ ቤት ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ፖስታ ቤትም በዚያ ጊዜ ቆሞ ነበርና። የሚያስተምረን ነገር ግን አለ። ስልክ፣ ባንክና በስልክ ገንዘብ መላክ በአንድ ሥር ላይ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ሥሩ ሲቆረጥ ሁሉም በአንድ ቀን ይደርቃሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ለብዙ የአገራችን ክፍል ታላቅ ምቾት አምጥቷል፤ በመቀሌ ግን ከወር ጥቂት በኋላ ስልኩ ራሱ ጠፋ። ደብዳቤ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ሰውና መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አገር ዘመናዊው መንገድ ሲዘጋ የምትመለስበት አሮጌ መንገድ ያስፈልጋታል፤ ያ መንገድ ደግሞ በችግር ጊዜ አይሠራም። በደኅና ጊዜ እየተሠራበት መቆየት አለበት።

እስካሁን የተናገርኩት ለፖስታ ቤት የሚያደላ ነው። አሁን ወቀሳው ይከተል።

የመቀሌ ሰው ለአዲስ አበባ ዘመዱ በርበሬ ወይም ማር ሲልክ ወደ ፖስታ ቤት ነውን የሚሄደው? አይደለም። ወደ መናኸሪያ ሄዶ ለአውቶቡስ ሹፌር ወይም ለሚያውቀው መንገደኛ ይሰጣል፤ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የሹፌሩን ስልክ ለዘመዱ ይነግራል፤ ዘመድ ሄዶ ይቀበላል። በዚህ መንገድ ደረሰኝ የለም፤ ዕቃው ቢጠፋ ካሣ የለም፤ ሹፌሩ «ወድቆ ይሆናል» ቢል የሚከራከረው የለም። ሆኖም ሰው ይህን ይመርጣል። የሚመርጠውም ስለ ሞኝነት አይደለም። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ አውቶቡሱ መቼ እንደሚጨርስ ያውቃል፤ ሹፌሩን በስልክ ያገኘዋል፤ ሰዓት ቢያልፍም የሚነግረው ሰው አለ። እንግዲህ ሕዝብ የሚፈልገው ርካሽነትን ብቻ አይደለም፤ የላከው ነገር የት እንደ ደረሰ ማወቅን ነው። ፖስታ ቤት ይህን ካልሰጠ «ሕዝብ ጥሎኝ ሄደ» ብሎ ማዘን አይገባውም።

ከዚህ የከፋው የአድራሻ ነገር ነው። የአገራችን ፖስታ ከመጀመሪያውም የተገነባው በፖስታ ሣጥን ላይ ነው። ደብዳቤ ወደ ሰው ቤት አይሄድም፤ ሰው ወደ ደብዳቤው ይሄዳል። መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው ሣጥን አላቸው፤ ለምሳሌ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲን የደብዳቤ ወረቀት ብትመለከቱ ፖ.ሣ.ቁ. 231 የሚል ታገኛላችሁ። ነገር ግን ሣጥን ያልተከራየ ሰው፣ ማለትም አብዛኛው ሕዝብ፣ በራሱ ስም የሚታወቅ የፖስታ አድራሻ የለውም። ቤታችሁ የት ነው ብትባሉ ምን ትላላችሁ? «ከአይደር ሆስፒታል ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ አረንጓዴ በር» ትላላችሁ። ለእንግዳ ይህ በቂ ነው፤ ለፖስታ ሠራተኛ ግን አድራሻ አይደለም። ወፍጮ ቤቱ ይዘጋል፤ በሩም ሌላ ቀለም ይቀባል። መንገዶች ስም፣ ቤቶች የሚታይ ቁጥር ባላገኙበት ከተማ ስለ ዘመናዊ ፖስታ ማውራት መሠረት ሳይቆፍሩ ጣራ እንደ መማገር ነው። ጥፋቱ ደግሞ የፖስታ ቤት ብቻ አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤትም ነው።

እንዲሁም ለፖስታ ቤት የሚቆረቆሩ ሰዎች የሚያቀርቡት አንድ ምክንያት ደስ አይለኝም። «ታሪካችን ነው፣ ቅርሳችን ነው» ይላሉ። ቅርስ ከሆነ ቦታው ሙዚየም ነው፤ ለዚያም በአዲስ አበባ የፖስታ ሙዚየም አለ፤ ቴምብሮቹን ሄዶ ማየት መልካም ነው። በሥራ ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ግን በዕድሜው መከበር የለበትም፤ በሚሰጠው አገልግሎት ይመዘን። ያልተገላበጠ ያራል እንዲሉ፣ የትናንት ሥራውን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ፖስታ ቤት ሲቃጠል ዝም ብሎ ማየት አይገባም።

እንግዲህ ነገሩን ለያይቼ ልናገር። የፖስታ ቤት ኪሳራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛውን የግዴታ ኪሳራ እለዋለሁ። ይህ ማንም ነጋዴ የማይሠራውን ሥራ በመሥራት የሚመጣ ነው። ለምሳሌ በዓለም አቀፉ የፖስታ ስምምነት መሠረት ለዓይነ ስውራን የሚላኩ በብሬል የተጻፉ ጽሑፎች ከፖስታ ክፍያ ነጻ ናቸው፤ የጦር ምርኮኞች ደብዳቤም እንዲሁ ነጻ ነው። ወደ ሩቅ ወረዳ መጽሐፍ መላክ፣ ስልክ ለሌላቸው አረጋዊት የፍርድ ቤት ወረቀት በፊርማ ማስረከብ፣ እነዚህ ሁሉ ትርፍ የላቸውም። ሁለተኛውን የስንፍና ኪሳራ እለዋለሁ። ይህ ደንበኛው በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ ሠራተኛው በመጥፋቱ፣ የደረሰ ዕቃ መድረሱ ለባለቤቱ ባለመነገሩ፣ ገበያው ሲለወጥ አሠራሩ ባለመለወጡ የሚመጣ ነው።

ሁለቱ ኪሳራዎች በመዝገቡ ላይ አንድ ቁጥር ሆነው ይጻፋሉ፤ ስሕተቱም ከዚያ ይጀምራል። ፖስታ ቤትን የሚጠላው ሰው ቁጥሩን አይቶ ሁሉም ስንፍና ነው ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ተከራካሪ ደግሞ ሁሉም ግዴታ ነው ብሎ ይሸፍናል። ሁለቱም አይረዱንም። የሚረዳን መለየት ነው። መንግሥት ፖስታ ቤት በኪሳራ እንዲሠራ የሚፈልገውን አገልግሎት በስም ለይቶ፣ ወጪውን አስቀድሞ ተምኖ፣ በግልጽ ይክፈል፤ ሕዝቡም ለምን እንደ ተከፈለ ይወቅ። ይህ ድጎማ አይባልም፤ ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ዋጋ ነው። መንገድ ሲጠረግ፣ የመንገድ መብራት ሲበራ ስንት አተረፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ውጭ ያለውን ጉድለት ግን ፖስታ ቤት በራሱ ጥረት ይሙላ፤ ካልሞላም ኃላፊዎቹ ይጠየቁ።

«መንግሥት ገንዘቡን ከከፈለ ስንፍናውም አብሮ ይደጎማል» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ በቀላሉም የሚጣል አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ አንድ መጠን ያለው ገንዘብ በጥቅሉ የሚሰጥ ከሆነ በእርግጥ እንዲህ ይሆናል። ክፍያው በሥራ ልክ ከሆነ ግን፣ ማለትም ወደዚህ ወረዳ በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ ለመመላለስ ተብሎ ከተወሰነ፣ መመላለሱ የሚቆጠር ነገር ነው። ያልሄደ መኪና አይከፈለውም።

ፖስታ ቤት ከደብዳቤ ሌላ ሥራ ሊያገኝ እንደሚችልም በአገራችን የታየ ነገር አለ። ፓስፖርት ያመለከተ ሰው ፓስፖርቱን በፖስታ ቤት በኩል እንዲቀበል የተደረገውን አሠራር ልብ በሉ። ስልክ ቃልን ያደርሳል፤ ፓስፖርትን፣ መጽሐፍን፣ መድኃኒትን ግን ማድረስ አይችልም። ሰው በስልኩ ዕቃ እየገዛ በሄደ መጠን ዕቃውን ተሸክሞ የሚያደርስ ይፈለጋል። ሐዋላ ከፖስታ ቤት እጅ እየወጣ ወደ ባንክና ወደ ስልክ መግባቱ እውነት ነው፤ ጥቅል ዕቃ ግን ገና ባለቤት ያላገኘ ገበያ ነው። በዴንማርክም የቀረው ደብዳቤው እንጂ ጥቅሉ አለመሆኑን አስታውሱ። በየከተማው ቤት፣ መስኮትና ሚዛን ያለው መሥሪያ ቤት ይህን ገበያ ለአውቶቡስ ሹፌሮች ትቶ ከሰርኩ ቢል ማን ያዝንለታል?

በመቀሌ ይህ ሥራ ከየት ሊጀመር ይችላል ብትሉኝ፣ ከትምህርት ቤቶች ነው የምለው። በጦርነቱ ጊዜ በትግራይ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ መጻሕፍታቸውም ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር መጽሐፍ ሊልክ የሚፈልግ ወዳጅ ቢገኝ፣ በገጠር ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት በምን አድራሻ ይልካል? የትምህርት ቤቱ ስም ይታወቃል፤ መጽሐፉ ግን በዚያ ስም ብቻ አይደርስም። በየወረዳው ከተማ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን አንዳንድ የፖስታ ሣጥን ያለ ኪራይ ቢሰጥና በወር ሁለት ጊዜ ቢከፈት፣ ወጪው ከአንድ መኪና ነዳጅ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። ይህን የግዴታ ኪሳራ ከሚባለው ውስጥ አስገቡት፤ እኔ በደስታ እቀበለዋለሁ።

የእናንተ ትምህርት ቤት ደብዳቤ የሚጽፍበትን ወረቀት አንድ ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቃችሁ ተመልከቱ። በላዩ ላይ ፖ.ሣ.ቁ. የሚል ታትሞ ይሆናል። ከታተመ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ሣጥኑም ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ እንደ ሆነ ጸሐፊውን ጠይቁ።